ሕግ የተማረ ሰው የመርህ ጥያቄ ላይ ለምን ይሳሳታል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። ሕግ ተመርቄ ሥራ ላይ ነኝ። አሜሪካ ለሕግ ዲግሪያቸው፣ ለጄዲ፣ ለማመልከት የመግቢያ ፈተናውን ኤልሳትን እያጠናሁ ነው። ሎጂካል ሪዝኒንግ በሚባለው የአመክንዮ ክፍል ላይ ሌላው ጥያቄ ደህና ነው። የመርህ ጥያቄ ሲመጣ ግን ሦስቱን ምርጫ በቀላሉ እጥላለሁ፤ ከቀሩት ከሁለቱ ሁሌም የተሳሳተውን እመርጣለሁ። አምስት ዓመት ሕግ የተማርኩ ሰው እንዴት እዚህ ላይ እወድቃለሁ? ጊዜም አይበቃኝም።»

እህቴ፣ የምትወድቂው ሕግ ስለተማርሽ ነው። ቀልድ አይደለም። የሕግ ባለሙያ ጉዳይ ሲቀርብለት ሐሳቡ ወደ ብዙ ቦታ ይሄዳል። ልዩ ሁኔታ ይፈልጋል። የሕግ አውጪውን ዓላማ ያነሳል። የሰበር ውሳኔ ያስታውሳል። ውጤቱ ፍትሐዊ መሆኑንም ዞር ብሎ ያያል። ሥራው ነው፣ ደግ አደረገ። ኤልሳት ላይ ግን ይህ ሁሉ ትርፍ ሸክም ነው። ፈተናው በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር መርህ ይሰጥሻል። ለዚያች ጥያቄ በዓለም ላይ ያለው ሕግ እሱ ብቻ ነው። መርሁ ጨካኝ ሊሆን ይችላል። ጅልም ሊሆን ይችላል። አንቺን አያገባሽም።

ደግሞ ጎጃም ነው ያለሽው። የዲማና የዋሸራ ቅኔ ቤቶች አገር ሰው ከተነገረው ጀርባ ያልተነገረውን ማሽተት ይወዳል። እዚህ ፈተና ላይ ወርቅ መፈለግ ነጥብ ያስጥላል። ሁሉም ሰም ነው። የተጻፈው ተጽፏል፣ ያልተጻፈው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ምርጫዎች የሚያምታቱሽ ሁለቱም ስለ ትክክለኛው ጉዳይ ስለሚያወሩ ነው። ቃላቸውም ይመሳሰላል። ልዩነታቸው መርሁ ወዴት እንደሚሄድ ነው። አንዱ መርሁን እንደተጻፈ ይጠቀምበታል፤ ሌላው ገልብጦ ይጠቀምበታል።

እያንዳንዱን መርህ ሁለት ቦታ ክፈይው፦ ሁኔታና ፍርድ። «እንዲህ ከሆነ» የሚለው ሁኔታው ነው። «እንዲህ ይደረግ» ወይም «አይደረግ» የሚለው ፍርዱ ነው። ከዚያ ጣትሽን ፍርዱ ላይ አድርጊ። መርሁ ሊፈርድ የሚችለው ያንን ብቻ ነው። «ይቀጣ» የሚል መርህ «አይቀጣ» ማለትን አያውቅም። ይህችን አንዲት ነገር በደንብ ከያዝሽ ግማሹ ችግርሽ ይቃለላል።

በእድር እንየው። መርሁ ይህ ነው እንበል፦ «ሳያስፈቅድ ከቀብር የቀረ የእድር አባል ሊቀጣ ይገባል።» ጥያቄው «ከሚከተሉት ፍርዶች ከዚህ መርህ ጋር ይበልጥ የሚስማማው የትኛው ነው?» ይላል። ምርጫዎቹ፦

ሀ. አቶ በላይ አስፈቅደው ከቀብር ቀሩ፤ ስለዚህ ሊቀጡ አይገባም።
ለ. ወይዘሮ ጥሩዬ ተቀጥተዋል፤ ስለዚህ ሳያስፈቅዱ ከቀብር ቀርተው ነበር ማለት ነው።
ሐ. አቶ ሞላ በዚያው ጠዋት በሬያቸው ገደል ገብቶባቸው ሳያስፈቅዱ ከቀብር ቀሩ፤ ሊቀጡ ይገባል።
መ. አቶ አድማሱ ቀብር ደርሰው ድንኳን ሳይቀመጡ ሄዱ፤ ሊቀጡ ይገባል።
ሠ. ወይዘሮ የሺ ለቀብር ሁሉ ቀድመው የሚደርሱ ናቸው፤ ስለዚህ መቼም ሊቀጡ አይገባም።

መልሱ ሐ ነው። እዚህ ላይ ሆድሽ እንደሚንጫጫ አውቃለሁ። በሬ ገደል የገባበት ገበሬ እንዴት ይቀጣል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 ትዝ ይልሻል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል። የትኛውም የእድር ዳኛ ደግሞ እሑድ ጠዋት አቶ ሞላን አቁሞ ቢያያቸው «ይማሩ» ይላል። ግን መርሁ ስለ በሬ ምንም አላለም። «ሳያስፈቅድ ከቀረ» አለ፤ ሳያስፈቅዱ ቀሩ። አለቀ። በሬው የገባው አንቺን ለማሳዘን ነው። የፈተናው አዘጋጆች ትክክለኛውን መልስ እንዲህ የሚያስከፋ ልብስ ማልበስ ይወዳሉ።

ሀ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ልብን ደስ ያሰኛልና። አቶ በላይ ጨዋ ናቸው፣ አስፈቅደዋል፣ ለምን ይቀጣሉ? ይህ ሐሳብ በሰው ወግ ልክ ነው። መርሁ ግን «ያስፈቀደ አይቀጣ» አላለም። አስፈቅዶ ስለቀረ ሰው መርሁ ዝም ብሏል። ዝም ካለ መርህ ፍርድ አይወጣም። ምናልባት እድሩ ሌላ ደንብ ይኖረውና በዚያ ይቀጣቸው ይሆናል። አናውቅም። ሠም በዚሁ ይወድቃል፤ «አይቀጣ» የሚል ምርጫ ሁሉ ከዚህ መርህ ሊወጣ ስለማይችል ሰውየውን ሳታውቂ መጣል ትችያለሽ።

ለ ሌላ ዓይነት ግልበጣ ነው። የተቀጣ ሁሉ በዚህ ምክንያት ነው የተቀጣው ያለ የለም። ወይዘሮ ጥሩዬ መዋጮ አሳልፈው ሊሆን ይችላል። ደግሞ «ተቀጣ» እና «ሊቀጣ ይገባል» የተለያዩ ናቸው። አንደኛው የሆነውን፣ ሁለተኛው መሆን ያለበትን ይናገራል። ፈተናው እነዚህን ሁለቱን እያቀያየረ ያጠምዳል። መ ላይ ሁኔታው ራሱ አልተሟላም፤ አቶ አድማሱ ከቀብር አልቀሩም።

አሁን እዚያው መርህ ላይ አንዲት ቃል ልጨምርና እይው። «አንድ አባል ሊቀጣ የሚገባው ሳያስፈቅድ ከቀብር ከቀረ ብቻ ነው።» ሁሉም ነገር ተገለበጠ። አሁን መርሁ «አይቀጣ» ነው የሚያውቀው። ሀ ትክክል ይሆናል፤ አቶ በላይ አስፈቅደዋልና ብቸኛው የመቀጫ ምክንያት እሳቸው ላይ የለም። ሐ ደግሞ ይወድቃል፤ አቶ ሞላ ሊቀጡ የሚያስችለው በር ተከፈተ እንጂ ይቀጡ አልተባለም። እንግሊዝኛው ላይ ይህንን የሚያመጡት «ኦንሊ ኢፍ» እና «አንለስ» ናቸው። እነዚህ ሲያጋጥሙሽ ቆም በይ። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መሐል ተሸጉጠው ስለሚቀመጡ በፍጥነት የሚያነብ ዓይን ይዘላቸዋል። እኔ ተማሪዎቼን ሌላውን ሁሉ ቢዘሉ እነሱን በስክሪኑ ማድመቂያ ቀለም እንዲቀቡ ነው የማስገድዳቸው።

አንድ ሕጋዊ ግልበጣ ብቻ አለ። «ሳያስፈቅድ ከቀረ ሊቀጣ ይገባል» ካልን፣ «ሊቀጣ የማይገባው ሰው ሳያስፈቅድ የቀረ አይደለም» ማለት እንችላለን። ሁለቱንም ጫፍ አፍርሰሽ፣ ቦታ አለዋውጠሽ። አንዱን ጫፍ ብቻ ካፈረስሽ ወይም ቦታ ብቻ ካለዋወጥሽ ተሳስተሻል። ይህን በሎጂክ ኮርስ ተምረሽዋል፤ አልደጋግመውም።

ሁለተኛው ዓይነት ጥያቄ ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ጉዳዩ ከላይ ይሰጥሻል፤ አምስቱ ምርጫ መርህ ነው። «የትኛው መርህ ይህን ድምዳሜ ይበልጥ ያጸድቃል?» ይባላል። አንቺ የምትወድቂው እዚህ ላይ ይበልጥ ይመስለኛል፤ አምስት ሕግ ሲደረደርልሽ ደስ የሚልሽን ሕግ ትመርጫለሽና።

ብቸና ገበያ እንሂድ። «ነጋዴው ማኛ ብሎ በሸጠው ጤፍ ውስጥ ሰርገኛ ተቀላቅሎበት ተገኘ። መቀላቀሉን አያውቅም ነበር። ሆኖም ከመሸጡ በፊት ጆንያውን ከፍቶ አንድ እፍኝ ቢዘግን በቀላሉ ያየው ነበር። ስለዚህ ለገዢው ገንዘቡን ሊመልስ ይገባል።»

ሀ. ጉድለት ያለበትን ዕቃ እያወቀ የሸጠ ሰው ገንዘብ ሊመልስ ይገባል።
ለ. ሻጭ ገንዘብ ሊመልስ የሚገባው ጉድለቱን በቀላሉ ሊያውቅ ይችል ከነበረ ብቻ ነው።
ሐ. በቀላሉ ሊያውቀው ይችል የነበረ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የሸጠ ሰው ገንዘብ ሊመልስ ይገባል።
መ. ማንኛውም ነጋዴ ዕቃውን ከመሸጡ በፊት ሊፈትሽ ይገባል።
ሠ. ዕቃውን ሳይፈትሽ የገዛ ሰው ገንዘቤ ይመለስልኝ ሊል አይገባም።

መጀመሪያ ድምዳሜውን ያዢ፦ «ገንዘቡን ሊመልስ ይገባል»። በአንድ የአማርኛ ቃል በልቡናሽ በይው፦ «ይመልስ»። ከዚያ ምርጫዎቹን በፍርዳቸው ብቻ እለፊያቸው። «ይመልስ» ብሎ ሊፈርድ የሚችለው የቱ ነው? መ ስለ መፈተሽ ነው የሚፈርደው። ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ሳይፈትሽ የሸጠ ምን ይሁን እንደሆነ አይናገርም። ይወድቃል። ሠ «አይመለስ» ነው የሚለው። ይወድቃል። ለ «ብቻ» አለበት፤ ስለዚህ «አይመልስ» ማለት ብቻ ነው የሚችለው። ይወድቃል። ሳታስቢ ሦስቱ ሄዱ። ቀሪዎቹ ሀ እና ሐ ናቸው። አሁን ነው ሁኔታውን የምትፈትሺው። ነጋዴው ያውቅ ነበር? አያውቅም። ሀ ወደቀ። ሐ ቀረ።

አንቺ የምትቀሪባቸው ሁለቱ ለ እና ሐ እንደሆኑ እገምታለሁ። በቃል ይመሳሰላሉ። ለ እንዲያውም ረጋ ያለ፣ የሕግ ቋንቋ ይመስላል። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ግን ከነጋዴው ኪስ ገንዘብ ለማስወጣት አቅም የላትም።

እዚህ ላይ ሰው ብዙ የማያስተውለው ነገር አለ። መርሁ ከጉዳዩ የሰፋ ቢሆን ችግር አለው? በዚህ ዓይነት ጥያቄ የለውም። «ጉድለት ያለበትን ዕቃ የሸጠ ሁሉ፣ ቢያውቅም ባያውቅም፣ ይመልስ» የሚል ምርጫ ቢኖር ያም ድምዳሜውን ያጸድቅ ነበር። ሰፊ ነው፣ ከባድ ነው፣ ለነጋዴ ጨካኝ ነው። ግን ነጋዴያችንን ይይዘዋል። ማጽደቅ ሲባል ጠንካራ መርህ ወዳጅሽ ነው። ጥያቄው «ይህ ጉዳይ የትኛውን መርህ ያሳያል?» ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ጉዳዩ ከተናገረው አልፎ የሄደ መርህ ይወድቃል፤ «ሁልጊዜ»፣ «ማንም»፣ «ከሁሉ በላይ» የሚሉ ቃላት ጥርጣሬ ይፈጥራሉ። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ አድርጎ የሚያነብ ሰው በአንዱ ያተረፈውን በሌላው ይከስራል። ስለዚህ በመርህ ጥያቄ ላይ ከላይ ያለውን አንቀጽ ከማንበብሽ በፊት ከታች ያለውን ጥያቄ አንብቢ። ይህን የሚቃወሙ አስተማሪዎች አሉ። እኔ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ አልደራደርም።

ሦስተኛው ዓይነት አጭር ነው። መርሁም ሰጥተውሻል፣ በአንድ ጉዳይ ላይ የተፈጸመበትንም ሰጥተውሻል፤ አንድ ፍሬ ነገር ግን ይጎድላል። «አንድ የቁጠባ ማኅበር አባል ለልጅ ትምህርት ብድር ከጠየቀና የቀድሞ ብድሩን ከፍሎ ከጨረሰ ብድር ሊሰጠው ይገባል። ወይዘሮ እናኑ ለልጃቸው ትምህርት ጠይቀዋልና ሊሰጣቸው ይገባል።» ምን ጎደለ? የቀድሞ ብድራቸው። «ወይዘሮ እናኑ የቀድሞ ብድራቸውን ከፍለው ጨርሰዋል» የሚለውን ፈልጊ። «ልጃቸው ጎበዝ ተማሪ ነው» የሚል ምርጫ ይኖራል፤ እለፊው። የሁኔታዎቹን ብዛት ቁጠሪ፣ የተሟላውን አጥፊ፣ የቀረው መልስሽ ነው። ይህ ዓይነት ጥያቄ ለሕግ ሰው ነጻ ነጥብ ነው፤ የወንጀልን ፍሬ ነገሮች አንድ በአንድ ከማሟላት አይለይም።

ከላይም ጉዳይ፣ ከታችም አምስት ጉዳይ የሚመጣበት አለ። ከላይ ያለውን ሰውና ቦታ አውጥተሽ መርሁን በአንድ መስመር ጻፊ፤ ከዚያ ፈልጊ። ስለ ተመሳሳይ ነገር የሚያወራው ምርጫ ብዙ ጊዜ ማጥመጃ ነው። ከላይ ስለ ሐኪም ከተወራ ከታች ስለ ሐኪም የሚያወራውን ተጠራጠሪ።

ሌላ ልትጠነቀቂበት የሚገባ ነገር የፍርዱ ክብደት ነው። «ይገባል»፣ «ይችላል»፣ «አይከለከልም»፣ «ይመረጣል» አንድ አይደሉም። መርሁ «ማድረግ ይችላል» ካለና ምርጫው «ማድረግ አለበት» ካለ፣ ሌላው ሁሉ ቢገጥም እንኳ ይወድቃል። እንግሊዝኛው ላይ «ሜይ»፣ «ሹድ» እና «ማስት» የሚሉትን እንደ ተራ ረዳት ግሥ አትለፊያቸው። አዋጅ ስታነቢ «ይችላል» እና «አለበት» የሚሉትን አትዘያቸውም። ያን ልማድሽን እዚህ አምጪው። ከሕግ ትምህርትሽ የሚጠቅምሽ ይህ ነው፤ የቀረውን በር ላይ ተይው።

ጊዜን በተመለከተ። አንዱ የሎጂካል ሪዝኒንግ ክፍል 35 ደቂቃ ነው፤ 25 ገደማ ጥያቄ ይይዛል። ለአንዱ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ያነሰ ነው የሚደርሰው። የመርህ ጥያቄ ረጅም ስለሆነ ይበላሻል። ጊዜ የምታጊኚው በፍጥነት በማንበብ አይደለም፤ ቅድም ጤፉ ላይ እንዳደረግነው መጀመሪያ በፍርድ ብቻ በመጣል ነው። አምስት ረጅም ምርጫ ሙሉውን ከማንበብ የአምስቱን ፍርድ ማየት ይቀላል። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወዲያው ይወድቃሉ። ለቀሩት ብቻ ነው ሁኔታውን የምትፈትሺው። ሁለት ላይ ቀርተሽ ከታገልሽ ምልክት አድርጊና እለፊ፤ ስክሪኑ ላይ ባንዲራ አለ። ግን ሳትመርጪ አትለፊ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም፤ ባዶ መተው ግን በነጻ የተሰጠን ዕድል መጣል ነው።

ሙሉውን ጥያቄ ወደ አማርኛ እየተረጎምሽ አትሥሪ። የሕጉን ቃል በተጻፈበት ቋንቋ ነው መያዝ ያለብሽ፤ ስትተረጉሚ «ኦንሊ» ትጠፋብሻለች። አማርኛ የሚጠቅምሽ ፍርዱን በአንድ ቃል ለመያዝ ነው፤ «ይመልስ»፣ «አይቀጣ»፣ ያን ያህል።

ልምምድሽ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ለጥቂት ሳምንት ሰዓት አትያዢ። የመርህ ጥያቄዎችን ብቻ ሰብስቢና ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ በደብተር ላይ የወደቀበትን ከእነዚህ አራት ሐረጎች በአንዱ ጻፊ፦ «ፍርዱ ሌላ ነው»፣ «ሁኔታው አልተሟላም»፣ «ገልብጦታል»፣ «ክብደቱ አይገጥምም»። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ምክንያት እምብዛም አታጊኚም። «አላሳመነኝም» ወይም «ፍትሐዊ አይደለም» ብለሽ ከጻፍሽ እንደገና ሥሪው። ከጥቂት ገጽ በኋላ ደብተርሽን ገልብጠሽ ስታዪ አንዱ ሐረግ እየተደጋገመ ታገኚዋለሽ። ግምቴ «ገልብጦታል» ነው። ከሆነ ቀሪውን ጊዜሽን እዚያ ላይ አፍስሽው።

የምትለማመጂበትን በተመለከተ፣ እውነተኛ የቀድሞ ፈተናዎችን ብቻ ተጠቀሚ። በየቴሌግራሙ የሚዞሩ «የኤልሳት ዓይነት» ጥያቄዎች ብዙዎቹ በመርህ ጥያቄ ላይ ደካማ ናቸው፤ የተሳሳቱት ምርጫዎቻቸው በሩቁ ያስታውቃሉ፣ ግልበጣ የላቸውም። የፈተናው ባለቤት ኤልሳክ «ላውሀብ» በተባለው ገጹ ላይ አካውንት ለከፈተ ሁሉ ጥቂት ሙሉ ፈተናዎችን በነጻ ይሰጣል። ኔት ደህና በሆነበት ቀን ገብተሽ ሥሪ፤ ጥያቄዎቹን እዚያው ደብተርሽ ላይ ባጭሩ ገልብጪያቸው፣ ኔት በጠፋ ቀን ትከልሻቸዋለሽ።

የድሮ መጽሐፍ ካለሽ «ሎጂክ ጌምስ» የሚባለውን ክፍል ዝለይው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ከፈተናው ወጥቷል። በምትኩ ነጥብ የሚያዝባቸው የሎጂካል ሪዝኒንግ ክፍሎች ሁለት ሆነዋል፤ አንድ የንባብ ክፍል አለ፣ ነጥብ የማይያዝበት አንድ የሙከራ ክፍልም ይጨመራል። የትኛው የሙከራው እንደሆነ ስለማይነገርሽ ሁሉንም በእኩል ትሠሪያለሽ። የመርህ ጥያቄ ክብደት ከቀድሞው የጨመረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ተመራቂዎችም ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ የምትሄዱት ለአንድ ዓመቱ ማስተርስ፣ ለኤልኤልኤም፣ ከሆነ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ኤልሳት አይጠይቁም። የሚፈልጉት የሕግ ዲግሪያችሁንና የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ነው። የምታመለክቱበትን ትምህርት ቤት ገጽ ሳታዩ ለኤልሳት መመዝገቢያ ገንዘብ እንዳትከፍሉ።